የሐጃ ማድ ቤት ግድግዳ

ስልክ ለሠራተኛ ደንበኛ ያመጣል ይላሉ። አያመጣም። ስልክ ለሠራተኛ የሚያመጣው ሌላ ሠራተኛ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት እናጸዳ በነበረበት ጊዜ፣ ለማናውቃቸው ሴቶች «ቤትዎን እናጽዳልዎ» ብለን በዋትሳፕ መላክ ስንጀምር፣ ቀድመው የመለሱልን እንደኛው ባልዲ ይዘው የሚዞሩ የአገራችን ልጆች ነበሩ። «እህቶቼ፣ ሥራው ከሞላላችሁ እኔንም አስገቡኝ» ይላሉ። ቀጥለው የመለሱልን ወንዶች ናቸው፤ እነሱ የሚጸዳ ቤት አልነበራቸውም። ባለቤቶቹ፣ ሆሻቸው፣ ግቢያቸው ማለት ነው፣ በኸሪፍ ዝናብ ጥቁር ጭቃ የተለሰነ፣ ሳሎናቸው በአቧራ የታፈነ ወይዛዝርት፣ መልእክታችንን አንብበው ዝም አሉ። ማንበባቸውን የሚናገረው ሰማያዊ ምልክት ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ድሮ ደጅ የቆመን ለማኝ እንኳ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ መሸኘት ወግ ነበር።

ስለ ድሃ ሴትና ስለ ስልክ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ። በሁሉም መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ስትስቅ የሚያሳይ ፎቶ አለ። የእህቴን ነገር የምጽፈው ያ ፎቶ ስለሰለቸኝ ነው።

እህቴ ከተማው ውስጥ በስሟ አትታወቅም ነበር። «የሐጃ ሐበሺያ» ነበር የሚሏት። ሐጃ የሰሊጥ ነጋዴ ሚስት ነበሩ። እህቴ በገላባት በኩል ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ የገባች ሰሞን የተቀበሏት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ደጅ አልረገጠችም። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እየለቀመ በመኪና የሚጭንበት ዘመቻ ነበር፤ ካሻ ይባላል። ካሻ ሲነሣ እህቴ የምትደበቀው ሐጃ ማድ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ወታደሮቹ ሆሹ ድረስ ዘለቁ። ሐጃ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሙና ቶባቸውን፣ ያን ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን የሴት ልብስ፣ አጥብቀው፣ «ይህ የሴት ቦታ ነው፤ ልጆቼ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ውስጥ አሉ። የእናቱን ማድ ቤት የሚፈትሽ ማነው? ይግባ!» አሏቸው። ወታደሮቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ውስጥ የነበረችው «ልጅ» እህቴ ነበረች፤ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ተኮራምታ የቶቧን ጫፍ ነክሳለች። ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ በሸክላ ንጣፍ የተሠራ ጣዎስ አለ። ባላቸው ሲያገቧቸው ከፖርት ሱዳን ያስመጡላቸው ነው፤ ጅራቱ አረንጓዴ፣ ከጅራቱ በታች አንዷ ንጣፍ ጥጓ የተሰበረ። እህቴ ያን ቀን የጣዎሱን ላባ ስትቆጥር ነው የዋለችው።

ኋላ ባላቸው ሁለተኛ ሚስት አገቡና ከከተማው ማዶ አዲስ ቤት ሠሩላት። የሐጃ ቤት ቀስ በቀስ ሳሳ። እንግዳው ወደ አዲሱ ቤት ዞረ፤ ማድ ቤቱ የአንድ ሰው ወጥ ብቻ የሚበስልበት ሆነ። ሐጃ እህቴን አላሰናበቷትም። የሚጸዳ ሳይኖር ያስጠሯትና ቁጭ አድርገው ያጫውቷታል። እህቴን ያመማት ይኸው ነው።

«ሥራ የለም፤ ለይሉኝታ ነው የሚጠሩኝ» አለችኝ። «እኔ የማንም ሐበሺያ ሆኜ አላረጅም። የራሴ ደንበኛ እፈልጋለሁ፤ በስሜ የሚጠራኝ።»

የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። ገላባት ካለ ነጋዴ ፊቱ የተሰነጠቀ ያገለገለ ስልክ ገዛች፤ መልእክቱን እንድጽፍላት እኔን አስቀመጠችኝ። የኔ ዓረብኛ ከመጽሐፍ የተማርኩት ነው። «የተከበሩ እመቤት ሆይ፣ አገልግሎታችንን በትሕትና እናቀርባለን» የሚል ጻፍኩና አነበብኩላት።

«ይኸ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው» አለች። «ሴትዮዋ ባሏ የታሰረ መስሏት ትደነግጣለች።»

«እትዬ፣ በጨዋ ቋንቋ መሆን አለበት።»

«ሊቂት ሆይ፣ ሽንት ቤት ልናጥብ እኮ ነው!»

ስለዚህ በድምጿ ላከች። ድምጿ ከየት እንደመጣች ወዲያው ይናገራል። አንድ ሰውዬ «ሐበሺያ ነሽ? ከማጽዳት ሌላ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ መለሰ። «ሬሳ እገንዛለሁ በይው» አለችኝ። ጻፍኩለት፤ ዳግመኛ አልመጣም።

ቀጥሎ አንዲት ጸጉር ሠሪ የከተማው ሴቶች የሚገበያዩበት ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። እዚያ ቶብ ይሸጣል፣ ሽቶ ይሸጣል፣ የሙሽራ ጢስ እንጨት ይሸጣል፤ ሁሉም በፎቶ። እህቴ ጠዋት ማታ ስታይ ሰነበተችና «ሽታ የሚሸጡት እንኳ በፎቶ ነው የሚሸጡት» አለች። «እኔ ምን አሳያለሁ? ባልዲዬን?»

የረመዳን ጽዳት ሲደርስ መልሱን አገኘች። ሐጃ በዓመት አንዴ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ ማድ ቤቱን ግድግዳው ሳይቀር ያስፍቁ ነበር። የዓመቱ ዘይትና ጢስ ጣዎሱን አጥቁሮት ነበር፤ ጅራቱ ብቻ በግድ ይታያል። እህቴ ሳትጀምር አንድ ፎቶ አነሣች። ከዚያ በአህያ ጋሪ የመጣውን ውሃ በቁጠባ እየጨለፈች፣ በበረኪናና በሽቦ ስትፍቅ ውላ ስትጨርስ ሌላ አነሣች። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጣዎሱ ከግድግዳው ሊወርድ የተዘጋጀ ይመስላል።

«ፊት የለበት፣ ስም የለበት» አለችኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ወደ ግሩፑ ልትልክ ስትል። «ማን ያውቀዋል?»

እኔም አየሁት። በልማዴ ተከራከርኩ፤ የተከራከርኩት ግን ከሥሩ ስለሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ያን ቀን ስልኩ ዝም አላለም። እህቴ እጇን በቶቧ እየጠረገች ትሮጣለች፤ በእያንዳንዱ ድምፅ ፊቷ ይበራል። እኔ እየከፈትኩ አነብላታለሁ። «ይህ የማን ማድ ቤት ነው?» ይላል አንዱ። «ጣዎሱን አውቀዋለሁ!» ይላል ሌላው። «ወይ ሐጃ! ወይ ሐጃ!» ይላል ሦስተኛው፣ በሳቅ አጅቦ። «ቤቴን መቼ ታጸጅልኛለሽ?» ያለ አንድም አልነበረም። በዚያች ከተማ ሰርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ጎረቤት ሁሉ ሐጃ ማድ ቤት ገብቶ ድስት ያጥብ ነበር። እኛ ፊት ስለሌለበት ማንም አያውቀውም ያልነውን ግድግዳ ግማሹ ከተማ በቃሉ ይወጣዋል። ሳይመሽ ፎቶው ሁለተኛዋ ሚስት ዘንድ ደረሰ። የተጸዳውን ቆርጣ ጣለችና ጥቁሩን ብቻ፣ «ባሌ ያመለጠው ከዚህ ነው» ብላ ለዘመድ ለወዳጅ በተነችው። ሐጃ እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ አንዲት ሴት ፊታቸው ላይ ደቅና ነው ያሳየቻቸው።

ገመና የሚባል ቃል አለን። የሰው ጓዳ ገብቶ ያዩትን አፍኖ መውጣት ለኛ ከጾም በፊት የሚማሩት ነገር ነው። እህቴ አገሯ ቢሆን፣ የጎረቤቷን ጓዳ ጥላሸት አደባባይ ከምታወጣ አንገቷን ትሰጥ ነበር። ታዲያ ምን ነካት? ምንም አልነካትም። ስደተኛ የተሰደደበትን አገር ሰው የሚያየው እንደ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ጓዳ የለውም። እኛ የምንደበቅ፣ እነሱ የሚደብቁ፤ እኛ የምናፍር፣ እነሱ የሚያዩን። ያቺ አሮጊትም የምትሸፍነው ነገር ሊኖራት እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም።

እህቴ ፎቶውን አጠፋችው። ከስልኳ ጠፋ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። የሐጃ የብረት በር ለእህቴ ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ተዘግቷል። አንኳኳች። ጫማቸውን እየጎተቱ ሲመጡና ከበሩ ኋላ ሲቆሙ ሰማን።

«ማነው?» አሉ ሐጃ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማነሽ?»

እህቴ ወደኔ ዞር አለች። ከዚያ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ «የእርስዎ ሐበሺያ ነኝ» አለች።

«የኔ ሐበሺያ እዚያ ግድግዳ ሥር ተደብቃለች» አሉ። «ወታደር መጥቶ አላሳየኋትም። እኔ አንቺን ስንቴ ሸፈንኩ፤ አንቺ የኔን ግድግዳ አንድ ቀን መሸፈን አቃተሽ?»

«ሐጃ፣ አላወቅሁም...»

«ያ ቢቲ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ቃሉን አልከለከሏትም። «ግድግዳዬ ከሰው ስልክ ሁሉ ሲጠፋ ያኔ ነይ።»

እኔ የተረዳሁት የማይቻል ነገር በመጠየቅ «አትምጪ» እንዳሏት ነው። መንገድ ላይ ይህንኑ ነገርኳት።

«ያንቺ መጽሐፍ እንደዚያ ይላል?» አለችኝ። «እሳቸው ሲጠፋ ነይ ነው ያሉኝ። አጠፋዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሌላ ሥራ ያዘ። ደንበኛ ስንፈልግ የላክንላቸውን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ፣ በራሷ ድምፅ፣ «እመቤቴ፣ በአላህ፣ ያን ፎቶ አጥፉልኝ» እያለች ትለምን ጀመር። ሰማያዊው ምልክት ይበራል። አንዳንዷ የሳቅ ምልክት ትልካለች። አንዷ፣ «የትኛውን? እስቲ ላኪልኝ፤ አይቼ አጠፋዋለሁ» አለች።

ለነገሩ ደንበኛም መጣ። ስልክ ደንበኛ ያመጣል የሚሉኝ ሰዎች ይህን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል። ጥቂት ወይዛዝርት አስጠሯት፤ ባልዲዋን ሳታወርድ ሻይ ያቀርቡላትና «እስቲ ንገሪን፣ የሐጃ መኝታ ቤትስ እንዴት ነው?» ይሏታል። እህቴ ሻዩን ሳትነካ ወለሉን ታጥባለች። «መኝታ ቤት አላውቅም፤ እኔ ዓይኔ ደካማ ነው» ትላለች። ሁለተኛ የጠራት የለም። በስሟ የጠራትም የለም፤ አሁን «ያቺ የፎቶዋ ሐበሺያ» ነው የምትባለው።

በየዒዱ ሐጃ በር ላይ ትቆማለች። አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። ከውስጥ፣ «ጠፋ?» ይላሉ ሐጃ። «ገና ነው» ትላለች እህቴ። «እሺ» ይላሉ፤ ጫማቸው ይርቃል። ጉልበታቸው እየከዳቸው መሆኑን በየዓመቱ ከእርምጃቸው ድምፅ እንሰማለን። «ጠፋ በያቸው፤ በምን ያውቃሉ?» ብያት ነበር። «እኔ አውቃለሁ» አለችኝ።

በቅርቡ ፎቶውን በአማርኛ ገጽ ላይ አየሁት። ድንበሩን በምን እንደተሻገረ እንጃ። ከሥሩ «ወንዶች፣ ሚስት ከማግባታችሁ በፊት ማድ ቤቷን እዩ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የአገሬ ሰው ተቀባብሎ ይስቃል። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት እንድታዝኑልን አይደለም። ጥላሸት የለበሰ የሸክላ ግድግዳ ነው፤ አረንጓዴ የጣዎስ ጅራት አለው፤ ከጅራቱ በታች አንዷ ንጣፍ ጥጓ ተሰብሯል። ስልካችሁን ክፈቱ። ካለ አጥፉት።