ከጀልባዋ ሥር የነበረው ሰው

በጃንሆይ ዘመን፣ ከወገዳ በታች ባለው ገደል ውስጥ፣ ወንዙ በሚያቁርበት ጥልቅ ስፍራ ሰው የምታሻግር የእንጨት ጀልባ ነበረች። በመስከረም ማለቂያ ደራሽ ውሃ ገለበጣት። ተሳፍረው የነበሩት የምክትል ወረዳ ገዥው አሽከሮች ዋኝተው ወጡ። የገዥው በቅሎና የልብስ ሳጥን ከቀዛፊው ጋር ሰጠሙ።

በዘጠነኛው ቀን ውሃው ጎደል ሲል ገዥው አስጠሩኝ።

«ዋና ትችላለህ አሉ። ሳጥኔን አውጣልኝ።»

«የሰውየው ሬሳስ ጌታዬ?»

«እሱ ይደርሳል።»

የቀዛፊው ሚስት ማቅ ለብሳ ከኋላቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰምታለች።

ወገቤን በገመድ አስሬ፣ ከባድ ድንጋይ አቅፌ ጠለቅሁ። ፀሐይ የማያገኘው ውሃ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ፤ ጆሮዬ ሊፈነዳ ደረሰ። በጨለማው ስዳብስ እጄ አንዳች ለስላሳ ነገር ውስጥ ስምጥ አለ። የበቅሎዋ ሆድ ነበር። ፀጉሯ እፍኝ ሙሉ ተነቅሎ ጣቶቼ ላይ ተለጠፈ። ወጥቼ አስታወክሁ። ገዥው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው «ቶሎ በል እንጂ!» አሉኝ። ከበቅሎዋ ይልቅ እሳቸው ቀፈፉኝ።

ሁለተኛ ስጠልቅ ጀልባዋን አገኘኋት፤ ከሥሯ የሰው እግር ነካሁ። በሦስተኛው ቢላዋ ነክሼ ወረድሁ። የተተበተበበትን ገመድ ቆርጬ በራሴ ገመድ አሰርሁትና ወጣሁ።

ገመዱን ከዳር የያዙት ጎታቾች «ሳጥኑ መጣ!» እያሉ ሳቡት።

ገዥው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«መጀመሪያ መውጣት የነበረበትን ነው» አልሁ። «ሳጥኑን ሌላ ሰው ይፈልጉለት።»

ሚስቲቱ በአንገቱ ማተብ ለየችው። ያበጠ ፊቱ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ በባዶ እጇ እየጠረገች አለቀሰች፤ ከዚያ ነጠላዋን አለበሰችው። እኔን ግን አሽከሮቹ ይዘው ወገዳ አሰሩኝ።

በሰልስቱ ዳቦ ይዛ እስር ቤቱ ድረስ መጣች። በእጇ ቆርሳ «እንካ ወንድሜ፣ ቅመስለት» አለችኝ። እጇን ሳይ ያ ዝቃጭ ትዝ አለኝ። ይህን ያህል መንገድ በእግሯ መጥታ እጇን በመጠየፌ በራሴ አፈርሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሳላኝክ ዋጥሁት።

«ጣፈጠህ?» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት።