ፊት የማይነካ ፕሮግራም

በ1961 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት አንድ ፎቶ አንሺ ከደሴ መጥቶ ሐይቅ ገበያ ዳር፣ ከዋርካው ሥር ባለ ሦስት እግር ሣጥኑን ተከለ። ዛሬ በኪሱ ካሜራ ያልያዘ ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን ያ ሣጥን ሲመጣ ገበያተኛው እህሉን ጥሎ ይከበው ነበር። ሰውዬው ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲከት እኛ ልጆች በሳቅ እንሞታለን። ፎቶውን የሚያጥብበት መድኃኒት ሽታ እንደ ሆምጣጤ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እስከ ዛሬ ሆምጣጤ ቤቴ አላስገባም። ምክንያቱን ለሰው ሳልናገር ነው የሸመገልሁ። አሁን ልጻፈው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን እለፉኝ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ፋጡማ ናት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቁርአን ቤት ስሄድ የምጽፍበትን እንጨት፣ ሉሄን፣ አጥባ የምትሰጠኝ እሷ፣ ከልጆች ጋር ስጣላ መጥታ የምትጣላልኝም እሷ። ሕፃን ሳለች ፈንጣጣ ይዟት ተርፋለች፤ ጠባሳው ግን ከግንባሯ እስከ አገጯ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እኔ ከተወለድሁ የማውቀው ያንን ፊት ስለሆነ ምንም አይመስለኝም ነበር። እኩዮቿ አንድ ባንድ ሲዳሩ እሷን የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ዓመት አሰብ ወደብ የሚሠራ አንድ የአምባሰል ልጅ ሚስት ፈለገ። አጎታችንን ያውቀው ነበርና "ቤተሰባችሁን አምናለሁ፣ ልጅቱን ግን በፎቶ ልያት" ብሎ ላከ።

እታለም የሰው ነጠላ ተውሳ ፎቶ ተነሣች። ስታበቃ አፍራ ከሴቶቹ ጋር ጥላው ውስጥ ተቀመጠች። እኔ ከሣጥኑ ሥር አልተነሣሁም። ሰውዬው አንድ ወረቀት ከባልዲው ውሃ ውስጥ አወጣ። እኛ ሉሃችን ላይ የጻፍነው በውሃ ይጠፋል፤ የሱ ደግሞ በውሃ ይወጣል። በጣም ደነቀኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኗል። በጠቆረው ፊቷ ላይ ጠባሳው ነጫጭ ነጥብ ሆኖ ተበትኗል።

"ጋሼ፣ ይሄ ነጥብ ነጥቡ አብሮ ይወጣል?" አልሁት።

"የትኛው?"

"የፊቷ።"

አየኝና ሳቀ። "እህትህ ናት? ላጥፋልህ እንዴ? ምን ትሰጠኛለህ?"

በእጄ አንድ ጥንቅሽ ነበረ፤ ገና አልነከስሁትም። ሰጠሁት። ጥንቅሹን አፉ ውስጥ ሸጉጦ፣ እርሳሱን በምላጭ አሹሎ፣ ነጥቦቹን አንድ ባንድ እየዳበሰ ሞላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ሣጥኑ ፊት አቁሞ መልሶ አነሣው፤ ጥቁሩ ወደ ነጭ ተመልሶ ፊቷ ያለ ጠባሳ ወጣ። "በል፣ ሙሽራ አድርገንልሃል" አለኝ።

እታለም ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። "ይቺ ማናት?" አለች። "አንቺ ነሻ" አልኋት። "ፀሐዩ ነው መሰል" አለች፤ ግን ደስ ብሏታል፣ ፊቷ ላይ ይታያል። አባቴም ማሻአላህ ብሎ ኪታቡ መካከል አስቀመጠው። በማግሥቱ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ወደ አሰብ ሄደ። መልሱ ቶሎ መጣ። ልጁ ወኪል ሰጥቶ ኒካው እዚሁ ሐይቅ ታሰረ፣ አጎቴም ሙሽራይቱን ይዞ ወደ አሰብ ወረደ። እኔ በደስታ ስዘል ሰነበትሁ። እታለምን የዳርኋት እኔ ነኛ!

ወር ሳይሞላ ተመለሰች። ጨው ከጫነ መኪና ላይ አጎቴ ደግፎ ሲያወርዳት አየሁ፤ የቀሚሷ ጠርዝ ነጭ በነጭ ሆኗል። ልጁ "ይቺ የላካችሁልኝ አይደለችም" ብሎ ፈቷታል። አጎቴ ራሷ ናት ብሎ ቢምል ውሸታም ተባለ። አባቴ ዱላውን ይዞ ፎቶ አንሺውን ፍለጋ ደሴ ድረስ ሄደ፤ አጣው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዚያ ሰውዬ ስም በተነሣ ቁጥር እርግማን ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እታለም አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ። እንጨት ለቅመን ስንመለስ ነው።

"ሰይድዬ፣ ያን ቀን አጠገቡ ነበርህ። ፎቶ አንሺዎች በእርሳስ ይነካካሉ አሉ፤ እሱ ሲነካካው አላየህም?"

"አላየሁም።"

ደግማ አልጠየቀችኝም። ኋላ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው አግብታ ኖረች፤ ከሞተች ስምንት ዓመቷ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ፎቶ ተነሥታ አታውቅም፣ ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር።

ያን ጊዜ ፊት ለማጥፋት የሰለጠነ እጅና የሚለምን ሰው ያስፈልግ ነበር። ዘንድሮ ማንም ሳይለምነው ይጠፋል። ይኸው ደረሰብኝ።

ልጄ ሀዋ ከጅዳ ስትመለስ ያገለገለ ካሜራና ማጠፊያው ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ላፕቶፕ አመጣችልኝ። የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ነኝ፤ ቀኑ አያልቅልኝም። ሐይቁ ዳር እየወረድሁ ወፉንም ሰውንም ማንሣት ለመድሁ። የማነሣው ግን ብዙው ይጨልምብኛል፤ ስለዚህ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍለጋ ሲቲና ሱቅ ሄድሁ። ሲቲና ስልክ የምትጠግን፣ ኮምፒውተር ላይም የተፈለገውን የምትጭን ሴት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

"አባባ ሰይድ፣ ስቱዲዮዎቹ የሚሠሩበት ይሄ ነው" አለችኝ። "በየወሩ ይከፈላል፣ በዶላር፣ በካርድ።"

"የኔ ጡረታ በዶላር ነው ያለሽ ማን ነው?"

"እንግዲያ ክራኩን ልጫንልዎ። ያው ራሱ ነው፣ ቁልፉ ተሰብሮ ነው እንጂ።"

"ቁልፉን ሰብሮ የገባ ሰው ምን ይባላል?"

"ወላሂ ከተማው ሁሉ በሱ ነው የሚሠራ!"

"ከተማው ሁሉ አላህ ፊት ቆሞ አይመልስልኝም።"

ሣቀችብኝ። "እሺ ሸህዬ፣ ይሄ ደግሞ የስልክ ነው። በነጻ። ማስታወቂያ ከማሳየት በቀር አያስቸግርም። አንዴ ይጫኑታል፣ ይበራል፣ በቃ።" ነጻ መሆኑም፣ አንዴ መጫኑም ተስማማኝና ያንን ያዝሁ።

የሀዋ ልጅ ጦይባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከግራ ጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ጠቆር ያለ ምልክት ወርዷል፤ በኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ማርያም ስማታለች የሚለው ዓይነት ነው። ጅዳ የሚሠራ የውጫሌ ልጅ በሰው በኩል ጠየቃት። ኒካ ሳይታሰር በቪዲዮ መተያየቱን ነውር ነው ብዬ የከለከልሁ እኔው ነኝ። ስለዚህ ፎቶ ይላክ ተባለ፤ አንሺውም እኔ። ሐይቁ ዳር ፀሐዩን ከኋላዋ አድርጌ አነሣኋትና ጠቆረብኝ። ወደ ስልኬ አሻግሬ የሲቲናን ፕሮግራም አንዴ ተጫንሁት፣ በራ። ዓይኔ ደካማ ነው፣ ስልኩም ትንሽ ነው፤ መብራቱን እንጂ ሌላውን አላየሁም። ላክሁት። ልጁ በድምፅ መለሰ፣ "ማሻአላህ አባባ፣ ተስማምቻለሁ፤ ለአባቴም አሳይቼዋለሁ" አለ። ኒካው በወኪል ለመጪው ጁምዓ ተቆረጠ።

ፎቶውን አሳትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ሲቲና ዘንድ ወሰድሁት። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ክው አልሁ። የልጅቱ ጉንጭ እንደ ሲኒ ለስልሷል።

"ምልክቱስ?"

"የምን ምልክት?"

"የጦይባ ነዋ!"

ጎንበስ ብላ አየች። "አፑ ነው። ሲያበራ አብሮ ያለሰልሳል። ውለታ ነው የዋለላት!"

"እኔ መብራት አልሁ እንጂ ጉንጭ አልሁ? ፊት የማይነካ የለሽም?"

ለኮምፒውተር የሚሆን አንድ ሌላ እንዳለ ነገረችኝ፤ ብዙ ሰው በየአገሩ ተባብሮ የሠራው፣ ማንም የማይሸጠው፣ የፈለገ ሁሉ የሚወስደው።

"ወቅፍ በይኝ እንጂ! መንገደኛ እንዲጠጣው ለአላህ ተብሎ እንደተቆፈረ ጉድጓድ።"

"አዎ፣ እንደሱ።"

"ታዲያ ምነው ከመጀመሪያው ደበቅሽኝ?"

"ከባድ ነዋ! መቶ ነገር አለው። እሱ ራሱ ምንም አይሠራልዎትም፣ ያዘዙትን ብቻ ነው።"

እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝ። መብራት ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ብቻ አሳየችኝ፤ ሌላውን እንዳልነካ አስማለችኝ ማለት ይቻላል። ስልኩ ላይ ያለውን እዚያው አስጠፋሁት።

ፕሮግራሙ ተገኘ፤ የተላከው ፎቶ ግን ተልኳል። የአስር ሶላት ሰግጄ ቤት ስገባ ለሀዋ ነገርኋት።

"አባ፣ ዛሬ የሚልክ ሁሉ እንዲያ ነው የሚልክ" አለችኝ። "ኒካው ይታሰር፤ ሲያያት ይወዳታል። አሁን ነገር አታንሡብኝ።"

ጦይባ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። "እኔ የዚያኑ ቀን አይቼዋለሁ" አለች።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቱ አውቀው ያጠፉት መስሎኝ። ያፈሩብኝ መስሎኝ።"

ይሄን ስትለኝ እታለም ትዝ አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የተጨነቅሁት እታለም እርሳሱን ያስነሣሁት እኔ መሆኔን ታውቅ ይሆን ብዬ ነው። ብታውቅ ኖሮ ምን ሊመስላት እንደሚችል ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ወንድሜ በፊቴ ጠባሳ አፈረ ብላ ሞታ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ለጦይባም ለእናቷም ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሣጥኑን፣ ጥንቅሹን፣ ጨው የጫነውን መኪና። ሀዋ አክስቷን እያስታወሰች አለቀሰች። ጦይባ አላለቀሰችም።

"ለሷ ነግረዋት ነበር?" አለችኝ።

"አልነገርኋትም። ጠይቃኝ፣ አላየሁም አልኋት።"

ጦይባ ልጁን ወዳዋለች፣ ድምፁን እየደጋገመች ስትሰማ አይቻለሁ። ሊቀርባት እንደሚችልም ታውቃለች። እኔም "ይሁን፣ ዝም እንበል" ብትለኝ ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር።

"እንግዲያ ጠዋት ያንሡኝ" አለች። "የምልከው ግን እኔ ነኝ።"

ያን ዘመን ሰው አንድ ፎቶ ነበረው፤ እሱም ከተሳሳተ ዕድሜውን ሙሉ እንደተሳሳተ ይቀራል። ዛሬ ሺህ ጊዜ ይነሣል፣ ሺህ ጊዜ ይታረማል፤ የጦይባ ልብ ግን ያው የእታለም ልብ ነው፣ በዚህ ምንም አልተለወጠም።

በማግሥቱ ሱብሂ ሰግደን ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ውስጥ በርጩማ አወጣሁ። ጦይባ ራሷ ግራ ጉንጯን ወደ ብርሃኑ አዞረች። አንድ ጊዜ ብቻ አነሣኋት። ላፕቶፑን ግድግዳ አስደግፌ መብራቱን ጥቂት ከፍ አደረግሁ፤ ሌላ ነገር አልነካሁም። ስልኳ ላይ ጫንሁላትና ወደ ጓዳ ገብታ ላከችው። መልሱን አልጠበቅሁም። ቁርስ ሳልቀምስ መናኸሪያ ወርጄ የውጫሌውን መኪና ተሳፈርሁ። የልጁ አባት ቤት ገብቼ፣ ማንም ሌላ ውሸታም ከመባሉ በፊት፣ የልጅቱን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልሁ።