የማን ዓይን ነው ቢጫው?

አሠሪዬ ማዳም በአማርኛ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ወፍ»። ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አንድ ቀን አንዲት ያገሬ ልጅ ደውላ ሥራ ተገኘልኝ ወይ ስትለኝ «ወፍ የለም» ብዬ መለስኩላት። ማዳም ይህን ሰምታ፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነፅሯን እንዳንጠለጠለች ከመኝታ ቤት ብቅ አለችና የቱ ጋ ነው ብላ አፋጠጠችኝ። ምንም የለም ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ለሌለ ነገር ወፍን ለምን እንደምናነሳ ለራሴም አልገባኝም።

ያኔ ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር፣ እሷ ቤት እየኖርኩ ነበር የምሠራው። ዓርብ ዓርብ ሁለት ጓደኞቿ ይመጣሉ፤ አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሌላው ሐኪም። ባሕሩ ዳር ወፍ ፍለጋ ሲንከራተቱ ያረፍዱና በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ያነሱትን ፎቶ እየተቀባበሉ ይከራከራሉ። ጅራቷ እንዲህ ነው፣ የለም ክንፏን እይ። ያልተስማሙባትን ደግሞ በኢንተርኔት ለመሰሎቻቸው ይልካሉ። እኔ ከአሞራ፣ ከቁራና ከእርግብ ሌላ ያለውን ሁሉ ወፍ ብዬ ያደግኩ ስለሆንኩ፣ የሎሚ ጭማቂውን እያቀረብኩ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ ወዲያ መኪናውን አቁሞ ጭነት ሲጠብቅ፣ ጎማ ሥር ደክማ የወደቀች ወፍ ያገኛል። እጁ ላይ አድርጓት ፎቶ ተነሣና ለማዳምሽ አሳዪያት ብሎ ላከልኝ። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳቅ ነው። ዓርብ ሲሰበሰቡ ወስጄ አሳየኋቸው።

ሦስቱም ስልኬ ላይ ተደፉ። እንደገባኝ ነገሩ ሁሉ ዓይን ላይ ነው። ቢጫ ከሆነ የተለመደችው ጭልፊት ናት፤ ጠቆር ካለ ግን ብርቅ ናት። ማዳም ጥቁር ነው አለች፤ መምህሩም ደገፋት። ሐኪሙ ስልኩን አስጠግቶ ሲያይ ቆየና «ሴዝዩ ሶን ዦን» አለ፤ ዓይን ቢጫ ነው ማለቱ ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ የእሱንም የእሷንም ዓይን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። መምህሩ ተቆጣ፤ ማዳም ወፏን አጉልታ ጥቁር ነው ብላ ድርቅ አለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን ከወፏ ላይ አንሥቶ ወንድሜ ፊት ላይ አሳረፈው።

ጠጋ ብዬ ሳይ እውነትም የወንድሜ ዓይን ቢጫ ነው። በሽታውን እኔም አውቀዋለሁ፤ እኛ አገር የወፍ በሽታ ነው የሚባለው። በፈረንሳይኛ ግን ምን ይሉታል? እንዳለ ገልብጬ «ማላዲ ዱዋዞ» አልኳቸው፤ የወፍ በሽታ። በረንዳው ተተራመሰ። ማዳም ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። መምህሩ ወፏ የት ናት፣ ሌላ ማን ነካት፣ አካባቢው ላይ ዶሮ ነበር ወይ እያለ ያጣድፈኛል። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፈው ጉንፋን መስሏቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ወንድሜ ታሞ ሳለ ስለ ዶሮ ለምን እንደምጠየቅ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ቀኝ ጎኔን ይዤ ዓይኔን እያሳየሁ ጉበቱ ነው ስል ሐኪሙ ገባው። ዛሬውኑ ይምጣ አለኝ።

ለወንድሜ ስደውል ጭኖ ወጥቷል። ድንበሩን ካለፈ አዲስ አበባ ሳይገባ እንደማይቆም አውቃለሁ፤ እዚያ ድረስ በሕይወት ይድረስ አይድረስ ደግሞ አላውቅም። ስለ ፎቶው ነው ስለው፣ ወፏን ፈልገዋት መስሎት ለቅቄያታለሁ፣ በርራለች አለኝ።

«ወፏን አይደለም፣ አንተን ነው። ሐኪሙ ዓይንህን አይቶ ታሟል አለ።»

የሞተሩ ድምፅ እንዳይሸፍነው ጮክ አለ።

«እኔንም አዩኝ እንዴ፣ እትዬ?»

ደስ ያለው መሰለኝ። ታመሃል የተባለ ሰው ምን ደስ ይለዋል? ለምኜ ለምኜ መኪናውን አስቆምኩት፤ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ።

ሐኪሙ ሆስፒታል አስተኛው። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አናገኘውም ነበር አለኝ። ማገገም ሲጀምር፣ ማዳም ወፏ ብርቅ መሆኗ ተረጋገጠ ብላ ለመሰሎቻቸው ሁሉ የላኩትን ፎቶ ስልኬ ላይ ላከችልኝ፤ እኔም ሆስፒታል ወስጄ አሳየሁት። ወፏ ስልኩን ሞልታዋለች፤ ዓይኗ እውነትም ጥቁር ነው። የወንድሜን ፊት ግን ቆርጠው አውጥተውታል። ወፏ በደንብ እንድትታይ ብለው ነው፤ ያዳኑትም እነሱው ናቸው። ልናደድ ይሁን ላመስግናቸው አላወቅሁም።

እሱ ምስሉን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ሲፈልግ ቆየ። በኋላ ከወፏ ሆድ ሥር ብቅ ያለች አውራ ጣት አገኘ።

«ይኸው፣ ይቺ እኔ ነኝ» አለኝ።