አየር ወለድ ይብሳል ወይስ እግረኛ?

እኔ በድሮው ጦር እግረኛ ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ደግሞ የተከበረው አየር ወለድ። ወደ ሳዑዲ ስንመጣ ግን ተቀያየርን፤ እኔ በቪዛ፣ አውሮፕላን ውስጥ እያንቀላፋሁ፤ እሱ በየመን በኩል፣ አሸዋ እየቃመ በእግሩ። ጀግና እንዲህ ነው፤ የሰማዩን መንገድ ለፈሪ ይለቃል።

ኹበር ከተማ፣ ደቡብ በኩል፣ ሕንጻ እጠብቃለሁ። እሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍሌ አብሮኝ ኖረ። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሙቀቱ በረድ ሲል በር ላይ እንቀመጥና የዘወትር ጦርነታችን ይከፈታል፤ የማን አደጋ ይብሳል?

«ጃንጥላው አልዘረጋ ቢልህ ምን ታደርግ ነበር?» ይለኛል።

«እሱማ አንዴ ነው፤ ኸላስ! እኔ ክረምቱን ሙሉ ምሽግ ውስጥ በስብሼ፣ መድፉ እስኪያገኘኝ ጠብቄአለሁ። ደግሞ ጠላት መሀል ጥለዋችሁ ስትከበቡ ማን ነበር የሚያስለቅቃችሁ?»

«መቼ መጣችሁ? እኛው ሰብረን ወጥተን፣ መንገድ ላይ ሻይ ስታፈሉ ነው ያገኘናችሁ!»

እውነት ለመናገር ሻዩ ጥሩ ነበር።

ኋላ አገር ቤት ያለች ሚስቱ ታመመች፤ «ሳልሞት ዓይኑን ልየው» ብላ ላከችበት። በስንት ልመና ኹሩጅ፣ የመውጫው ፈቃድ፣ ተገኘለት። ቀኑ ካለፈ አይሠራም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻንጣውን አስሮ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ተነስ እንጂ ወንድሜ።»

«ጉልበቴን አመመኝ።»

«አውሮፕላኑን አንተ አትሸከመውም!»

የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲያርፍ ምን ይደረጋል?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የእኔ ጀግና ስንት ጊዜ በአውሮፕላን ሲነሳ አንድም ቀን አብሮት አርፎ አያውቅም፤ መሀል ሰማይ ላይ «ወራጅ አለ» እያለ ነው የኖረው።

«ምንም አይደረግም፤ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ» አልኩት።

«ቁጭ ብዬ?»

«አዎ። በሩንም አትንካ።»

እስከ ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ማለትን አሠለጠንኩት። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር በሩን ሊከፍት ይቃጣዋል፤ እጁን እይዘዋለሁ።

በማግስቱ ከቤቱ ደወለ።

«ሲያርፍስ?» አልኩት።

«አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ እጇን ጨምድጄ ያዝኳት። ‹አባባ፣ አይዞዎት፤ እጅዎ እንዴት ይጠነክራል! ወታደር ነበሩ እንዴ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እግረኛ ነበርኩ አልኳት።»

ከኋላው ሚስቱ እያሳለች ስትስቅ ሰማኋት።