ወናፍ ረጋጯ ሀርማና

ሀርማና በመንደሯ በኦስተርሁም ቤተክርስቲያን የነበረው ባለ ቧንቧ ኦርጋን እስትንፋስ ነበረች። ከቧንቧዎቹ ጀርባ ቆማ፣ ሦስቱን ወናፎች በእግሯ ተራ በተራ እየረገጠች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነፋስ መግባዋለች። ከእሷ በፊት አባቷ ኤልቶ፣ ከእሱም በፊት ሌሎች ረግጠዋል፤ የሁሉም ስም ከወናፎቹ በላይ ባለው ሳንቃ ላይ በሚስማር ተጭሯል። የእሷ ብቻ የለም። ስሙን የሚጭር በቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች የተሾመ ረጋጭ ብቻ ነው፤ እሷ ግን አባቷን ጉልበቱ ሲከዳው «እስኪሻለው» ብላ ገብታ በዚያው ቀረች። ምስጋናው ሁሉ ኦርጋኑን በጣቱ ለሚጫወተው ስለሚሄድ፣ የመንደሩ ሰው ሲተርባት፦

ለጣቱ ውዳሴ፣ ለጣቱ ምስጋና፤
እግር ላቡን ጠርጎ ይሄዳል ጎዳና

ይላት ነበር።

ኦስተርሁም ሰው ሲመናመንበት ቤተክርስቲያኑ ተዘጋ። የሦስት መቶ ዓመቱ ኦርጋን ከነወናፎቹና ከነሳንቃው ቧንቧ በቧንቧ ተፈትቶ፣ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በጀልባ ወደ ጎረቤት መንደር ወደ ሌርማ ሄደ።

በሌርማ በመጀመሪያው እሁድ ግን ድምፁ እንደ በረደው ሰው ተንቀጠቀጠ። ሌርማዎች መዝሙር የሚዘምሩት በጥድፊያ ነው፤ ረጋጫቸውም ወናፉን እንደ ዜማቸው አጣደፈው። ሀርማና ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እግሯን ሳታውቀው ወለሉን ሲረግጥ አገኘችው።

ከአምልኮው በኋላ የሌርማ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ቻርት፣ «በቃ፣ ነፋስ የሚነፋ ሞተር እናስገባለታለን። ወናፎቹ ለምድጃ ማገዶ ይሁኑ» አለ።

«ከነሳንቃው?» አለች ሀርማና።

«ከነሳንቃው። ምነው፣ ልትሞቂ ትመጫለሽ?»

«አንተ ቻርት! መዝሙሩን እንደ ፈረስ እያስጋለባችሁ በወናፉ ታሳብባላችሁ? የሚመጣውን እሁድ ለእኔ ስጠኝ። ከተንቀጠቀጠ ሞተርህን አስገባ።»

«እናንተ ኦስተርሁሞች አንድ ስንኝ እስክትጨርሱ የእኛ ሾርባ ይቀዘቅዛል!»

«ዜማችሁን አልጎትትም። እኔ የምረግጠው ወናፉን ነው።»

እሁድ ጫማዋን አውልቃ በሱፍ ካልሲዋ ቆመች። ሌርማዎች ዜማቸውን አስጋለቡት። እሷ አልተጣደፈችም፤ አንዱን ወናፍ ረግጣ ታነሳና በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ትተወዋለች፤ እሱ ሳያልቅ ሁለተኛው ተነስቷል። ጉልበቷ ተቃጠለ፤ ጀርባዋ ራሰ። ድምፁ ግን እንደ ጸጥተኛ ወንዝ እኩል ፈሰሰ፤ አንዲት ቧንቧ እንኳ አልተርገበገበችም። በመጨረሻው ስንኝ የሌርማ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ዜማውን አዝግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ።

ቻርት ከኦርጋኑ ጀርባ መጣ። መዳፉ ላይ ሚስማር ነበር።

«ሳንቃው ላይ ቦታ አለ?»

«ከአባቴ ሥር።»

«ታዲያ በሰፊው እንዳትጽፊ። ነገ የእኛም ሰው ይጽፍበታል።»

«መጀመሪያ መርገጥ ይማር» አለችና ስሟን በትልልቁ ጫረችው።