ወንዱ አይበላም

በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለው ማንያታ ሰፈር፣ ፍሪጅ የሚጠግነው ሰውዬ ወንዱ ይባላል። ሙሉ ስሙ ወንድወሰን ነው፤ አሳጥሮ ወንዱ ያለው ሰው ወደፊት የሚመጣውን ጣጣ አላሰበበትም።

የሞያሌ ናይሮቢ አስፋልት ባለቀ ዓመት ናይሮቢ ለሥራ ሄዶ ነበር። አገር ሊለቅ ዕቃውን የሚያከፋፍል ደንበኛው የመስታወት ገንዳ ከነባሕር ድንጋዩና ከሁለት ዓሦች ጋር መረቀለት። ወንዱም ዓሦቹን ውኃ በሞላ ላስቲክ ከትቶ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በአውቶቡስ ሞያሌ አስገባቸው። ነጣ ያሉ፣ ጥቁር ሰረዝ ያለባቸው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ናቸው። ሚስቱ ፀዲ አየቻቸውና "ለመጥበሻም አይሆኑ" አለች። ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሏት ነበር።

ወንዱ ግን፣ ዓሦቹ የባሕር ናቸውና፣ በአህያ ጋሪ የመጣለትን የሚጠጣ ውኃ በበርሜል ሞልቶ ጨው ይበጠብጥበት ጀመር። ጎረቤቱ ዳባ፣ ቦረናው፣ ቆሞ ሲያይ ቆየ።

"እኛ ኤል ሶድ ገደል ወርደን ጨው ከውኃ እናወጣለን፤ አንተ ጨው ውኃ ውስጥ ትከታለህ። ፖሌ ሳና፣ በጣም ታሳዝናለህ፣ ወንዱ" አለውና ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ።

ወንዱ ምክንያት ነበረው። ከፀዲ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖረው ልጅ አላገኙም። በቤቱ አንድ ነገር ሲወለድ ማየት ፈለገ፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም። የእነዚህ ዓሦች ጠባይ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ በአፉ ይቀበላል፣ ልጆቹ ተፈልፍለው ዋና እስኪችሉ ድረስ ሃያ አምስት ቀን ያህል አፉን ገጥሞ እህል ሳይቀምስ ይከርማል። ከደነገጠ ይውጣቸዋል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ውጧል፤ አንዴ በዳባ ሞተር ሳይክል ጩኸት፣ አንዴ ፀዲ ድስት ጥላ። ሁለቱንም ጊዜ ወንዱ ሥራ አልገባም።

በሦስተኛው እርግዝና፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ የወንዱ ታላቅ እህት ብዙወርቅ ከያቤሎ ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው ፀዲ ናት።

"ወንዱ እንዴት ነው?"

በዚያ ቤት ያን ሰሞን "ወንዱ" ሲባል ባሏን የሚያስብ አልነበረም። የፀዲ ዓይን ገንዳው ላይ ነው።

"ከበላ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው፣ እትዬ። አፉን አይከፍት፣ ጉንጩም አብጧል። እንዳይደነግጥ ብለን በእግር ጣታችን ነው የምንሄደው። በዚህ ሳምንት ይለይለታል።"

የብዙወርቅ ካርድ እዚህ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጸበል በጀሪካን ይዘው፣ ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው ደረሱ። ደጃፉ ላይ "ወንዱዬ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ፀዲ ሮጣ በመዳፏ ከደነችው።

"ዝም ይበሉ፣ እትዬ። ይውጣቸዋል።"

"ማን?"

"ወንዱ።"

"ማንን?"

"ልጆቹን።"

ብዙወርቅ እዚያው መሬት ቁጭ አሉ። ያኔ ወንዱ ጉንጩን በዳቦ ወጥሮ ከጓዳ ብቅ አለ።

ነገሩ ሲነገራቸው አልሳቁም። ገንዳው አጠገብ ወንበር አስጠጉና ስድስት ቀን በሹክሹክታ እያወሩ ተቀመጡ።

በሃያ አምስተኛው ቀን ጠዋት ዓሣው አፉን ከፈተ። አንዲት ሚጢጢ፣ ሰረዟ ሳይቀር አባቷን የመሰለች፣ ወጣች። ከዚያ ሌላ። አሥራ ሰባት ሆኑ። ፀዲ አለቀሰች፤ ወንዱም መስታወቱን የሚወለውል መስሎ ፊቱን አዞረ።

"ከስቷል" አሉ ብዙወርቅ አባትየውን እያዩ። "ሲያድጉ ያውቁታል?"

"አያውቁትም፣ እታለም። በየፊናቸው ይሄዳሉ።"

"ዓሣማ ምን ይፈረድበታል" አሉ ብዙወርቅ። "እኔ እናታችን ስትሞት ከአፌ ነጥቄ ያሳደግሁት ወንድሜ እንኳ፣ ያቤሎን ከረገጠ ስድስት ዓመቱ ነው።"

ወንዱ የመወልወያ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ።

"ነገ እኔው አደርስሻለሁ፤ እዚያው ሰንበት ብዬ እመለሳለሁ" አላቸው።

"እነዚህንስ ማን ያበላል?"

"ፀዲ አለች" አለ ወንዱ።