የአቶ ዘሚካኤል ባለ ሦስት ቁልፍ ብሎግ

አቶ ዘሚካኤል ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚፈሩት ሞትን አልነበረም፤ የሚፈሩት ሲሞቱ የሕይወት ታሪካቸውን አቶ ክብሩ እንዳያነቡባቸው ነበር።

አቶ ክብሩ የሰፈሩ እድር ሊቀ መንበር ናቸው። በሰፈሩ በሴቻ ሰው ሲሞት ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው የሟችን ታሪክ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ እንባ ያስመጣል። ክፋታቸው በሟች ታሪክ መሀል የራሳቸውን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል ማድረጋቸው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አናጢ ሲቀበር፣ «ሟች ወንድማችን፣ አቶ ክብሩ የውኃ ቦኖውን ወደ ሰፈራችን ባስገቡ ጊዜ አብረዋቸው የደከሙ ነበሩ» ብለው አነበቡ። ለቀስተኛው እንባውን ጠረገ። አቶ ዘሚካኤል ግን ጃንጥላቸውን ጨብጠው በንዴት ደርቀው ቀሩ፤ ቦኖውን ያስገባሁት እኔ ነኝ ባይ ናቸውና።

እውነቱን ለመናገር፣ ማመልከቻውን የጻፉት አቶ ዘሚካኤል ናቸው፤ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ይዘው የሄዱት አቶ ክብሩ ናቸው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ደግሞ ስማቸውን ማንም የማያስታውሰው የቀን ሠራተኞች ናቸው። በአርባ ምንጮች ስም በሚጠራ ከተማ ውስጥ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ቦኖ ሰበብ ሲኮራረፉ ጸጉራቸው ሸበተ።

«ነገ ብሞት ይኼ ሰውዬ የራሱ ተላላኪ አድርጎ ነው የሚቀብረኝ» አሉ ከቀብር መልስ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለቴ።

«አንተማ ሞተሃል፣ ምን ቸገረህ» አሉ ወለቴ ሽንኩርት እየላጡ። «ተቀምጬ የምሰማው እኔ ነኝ።»

አቶ ዘሚካኤል መፍትሔውን ያገኙት በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ ሄራን ከምትባል ልጅ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት ነው። የጡረታ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ሄደው፣ አንድ ወጣት ብሎግ ሲያስከፍት ደረሱ። ይህ ነገር ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሰው የፈለገውን ጽፎ ዓለም ሁሉ የሚያነብበት ገጽ ነው አለቻቸው።

«ማን ያርመዋል?»

«ማንም።»

«ማን ያጸድቀዋል?»

«እርስዎ ራስዎ፣ ጋሼ።»

የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ያሳለፉና ያለ ፊርማና ማኅተም አንዲት ደብዳቤ ከበር አስወጥተው የማያውቁ ሰው ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ደስ አላቸው። የዚያኑ ዕለት «የዘሚካኤል እውነተኛ ታሪክ» የሚል ብሎግ ተከፈተ። ታሪካቸውን በቁማቸው ጽፈው ሊጨርሱ፣ አቶ ክብሩ ቀብራቸው ላይ የሚጨምሩበት ባዶ መስመር እንዳያገኙ ሊያደርጉ ቆረጡ።

ሄራን ማስቲካዋን እያኘከች የጥበቃውን ነገር አስረዳቻቸው። የይለፍ ቃልዎን ረጅም ያድርጉት፣ ለነፍስ አባትዎም ቢሆን አይንገሩ አለች። ቢጠፋብዎ ኮድ የሚላክልዎ በስልክ ስለሆነ የእጅ ስልክዎን ቁጥር ይስጡኝ አለች። የጻፉትንም በፍላሽ እንያዘው አለች። አቶ ዘሚካኤል ሁሉንም በአክብሮት አዳመጡ፤ ሁሉንም ውድቅ አደረጉ። የፍላሹን ነገር፣ «አንድ ሰነድ ሁለት ቦታ ከተገኘ አንዱ የሐሰት ነው» አሉ። የስልኩን ነገር፣ «የእጅ ስልክ ይሰረቃል፣ ኩልፎ ወንዝ ይገባል፤ መሥሪያ ቤት ግን የትም አይሄድም» ብለው ጡረታ የወጡበትን መሥሪያ ቤት የመደበኛ ስልክ ቁጥር አስገቡ። መሥሪያ ቤቱ ከእሳቸው በኋላ ስሙንም ሕንፃውንም ቀይሯል፤ ይህ ግን ለእሳቸው ዝርዝር ጉዳይ ነው።

የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። በቅርቡ የአንድ መዘምራን ቡድን ገጽ ተሰርቆ፣ በመዝሙር ፋንታ የወንድ ጫማ ሲሸጥበት ከተማው አይቶ ነበር።

«የመዘምራኑን ቁልፍ የያዘው ስንት ሰው ነበር?»

«አንድ ሰው» አለች ሄራን።

«አየሽ» አሉ አቶ ዘሚካኤል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድሩ የገንዘብ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በጸሐፊው እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ዘሚካኤል ናቸው። ሞኝ ሰው ለሦስት ቁልፍ ሦስት ወዳጆች የሚመረጡ ይመስለዋል። የለም፤ ወዳጆች ተስማምተው ይከፍቱታል። የደንቡ ጥበብ ቁልፍ ያዦቹ እንዳይዋደዱ ነው፤ የተኮራረፉ ሰዎች የያዙትን ሣጥን ማንም አይደፍረውም። አቶ ዘሚካኤል በዚህ ጥበብ የሚምሉ ሰው ናቸውና የብሎጉን ይለፍ ቃል ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንዱን ክፍል ለራሳቸው፣ አንዱን ለገንዘብ ያዡ ለአቶ ኦይታ፣ አንዱን ለሊቀ መንበሩ አደረጉ። አዎ፣ ለአቶ ክብሩ። ከሰውዬው ሊሸሸጉበት የሠሩትን ቤት ቁልፍ ለሰውዬው ሰጡ። ሄራን «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብትላቸው «ደንብ ነው» አሏት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲቀላ ወርደው ከሄራን ኮምፒውተር ፊት ተሰለፉ። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አቶ ኦይታ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ በሚባል ቦታ የሙዝ ማሳ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው፤ በአንድ ጣት እየለቀሙ ሲጽፉ ፊደሉን በአፋቸው ስለሚጠሩት፣ ሁለቱ ጆሮአቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ቆሙ። አቶ ክብሩ በተራቸው ሲጽፉ በስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ቢያዩ «የጻፍሁትን ምን በላው?» ብለው ሄራንን ተቆጡ። ሥራው ሲያልቅ አቶ ዘሚካኤል ሥርዓት በመከበሩ ረክተው ለሁሉም የማንጎ ጁስ አዘዙ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማውጣት አንድ ገንዘብ ያዥ ከጫኖ፣ አንድ ሊቀ መንበርና አንድ ጸሐፊ ከሴቻ ይጓጓዛሉ። ሄራን «ለሚመጣው ሳምንት ክፍቱን ልተወው?» ስትል አቶ ዘሚካኤል «ዝጊ» ይላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ስለ ልደታቸው፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ከጎጃም ተመድበው ወደ ጋሞ አገር ስለመጡበት መንገድ ነበሩ። ማንም አላነበባቸውም። ሄራን አዘነችላቸውና «ጋሼ፣ አንባቢ እንዲመለስ ከፈለጉ ነገሩ በሚያጓጓበት ላይ ያቁሙት» ብላ መከረቻቸው። ከሰጠቻቸው ምክር ሁሉ የተቀበሉት ይህን ብቻ ነው።

ቀጣዩ ጽሑፍ «የጠፋው የጽሕፈት መኪና» ይባላል። አቶ ዘሚካኤል በወጣትነታቸው የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ጠፍቶ፣ የክፍሉ ቁልፍ በእጃቸው ስለነበር በስርቆት ተጠርጥረው ነበር። ይህን አሳምረው ጻፉትና እንዲህ ሲሉ አቆሙ፤ «ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ፖሊሱ እጄን ያዘኝ።» በሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣው ጽሑፍ ዕቃው ተገኝቶ በነፃ መለቀቃቸውን የሚተርክ ነው። የት እንደተገኘ ግን ለመጻፍ አላሰቡም፤ የተገኘው ራሳቸው አቶ ዘሚካኤል ሌባ እንዳይነካው ብለው ቆልፈው በረሱት ሣጥን ውስጥ ነበርና።

ይህኛው ተነበበ። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ተቀባበለው፣ የገበያው ግሩፕ ተቀባበለው፤ ሰዉ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ፎቶ አንሥቶ ይልካት ጀመር። አቶ ዘሚካኤል የአንባቢው ቁጥር ሲያሻቅብ አይተው ወለቴን «ሰው እኮ ታሪክ ወዳድ ነው» አሏቸው።

ሳምንቱ ደርሶ ሦስቱም ሄራን ቤት ተሰበሰቡ። አቶ ዘሚካኤል ክፍላቸውን ጻፉ፣ አቶ ኦይታ ጻፉ። አቶ ክብሩ ተራቸው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«የቦኖው ታሪክ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ከዚህ ቀጥሎ» አሉ አቶ ዘሚካኤል።

«ማን አስገባው ይላል?»

አቶ ዘሚካኤል ሌላው ቢቀር በሰነድ አይዋሹም። «እኔ ይላል።»

አቶ ክብሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው የእኔዎቹ ፊደላት ጠፉብኝ። እርጅና ነው፣ አቶ ዘሚካኤል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ዘሚካኤል ወደ አቶ ኦይታ ዞሩ። አቶ ኦይታ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት፤ ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም። «ሦስት ቁልፍ ሦስት ነው» አሉ። «እሱ ካልከፈተ እኔ ምን ላድርግ? ደንብ የአንተ ነው።»

የቀረው መንገድ በስልክ የሚመጣው ኮድ ነበር። ሄራን ኮዱን ደጋግማ አዘዘች፤ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ የሚያነበው የማሽን ድምፅም ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ደወለ። አቶ ዘሚካኤል መሥሪያ ቤቱን አፈላልገው፣ አዲሱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስልኩን አገኙት። ጸሐፊዋ «አዎ፣ አንድ ፈረንጅ እየደወለ ቁጥር ይቆጥርብናል» አለቻቸው። «ሥራ ሲያስፈታን መስመሩን ጨርሰን አስቆረጥነው።»

«ሌላ ብሎግ ልክፈትልዎትና እዚያ ያስተባብሉ» አለች ሄራን።

«የራሱን ቤት ጥሎ ሰው ቤት ሆኖ የሚያስተባብል ያጠፋ ሰው ነው» አሉ። ኩራት ክፉ ነው፤ ሰውን በገዛ ደጃፉ ያስቀረዋል።

እንግዲህ አስቡት። የሰውዬው ታሪክ ፖሊስ እጃቸውን እንደያዘ ቆሟል። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ ፖሊሱ አልለቀቃቸውም። ባንክ ሲሰለፉ ከፊታቸው ያለችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ ታደርጋለች። ቸርቻሪው መልስ ሲሰጣቸው ዓይኑ ከሚዛኑ ላይ አይነሣም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቆማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። አቶ ክብሩ ቀብር ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩባቸው ኖሮ ቢያንስ ሞተው አይሰሙትም ነበር።

ወለቴ ችለው ችለው አንድ ቀን ገነፈሉ። «ከአንተ ጋር ስኖር ሌባ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አገሩ የረሳውን ቆፍረህ በገዛ እጅህ ጻፍኸው፣ ከዚያ ቁልፉን ለጠላትህ ሰጠኸው። አሁን ማኅበር ስሄድ ሴቶቹ ‹ለመሆኑ ተፈታ ወይ› ይሉኛል።» አለቀሱም። አቶ ዘሚካኤል ሚስታቸው ሲያለቅሱ ያዩት ልጃቸውን ከዳሩ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነውና ያን ጊዜ ልባቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ጫኖ ወርደው አቶ ኦይታን ሽምግልና ጠየቁ። አቶ ኦይታም ሁለቱን ባላንጣዎች ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ጸልየው፣ ሙዝ አቅርበው ተናገሩ።

«የእኛ አባቶች በሸንጎው አደባባይ በዱቡሻ ለእርቅ ሲቀመጡ፣ ሁለቱም ሰው አንድ አንድ ነገር ሳይለቅ አይነሡም» አሉ። «ዘሚካኤል፣ አንተ ስምህን ትፈልጋለህ። ክብሩ ውኃውን ይፈልጋል። አንድ ሰው ሁለቱን አይበላም።»

አቶ ዘሚካኤል ያልተላጠውን ሙዝ መልሰው አስቀመጡት። ብሎጉን የከፈቱት ለቦኖው ነው። ቦኖውን ከሰጡ ብሎጉ ለምን ተከፈተ? ካልሰጡ ግን ወለቴ ማኅበር አይሄዱም። ብዕራቸውን አውጥተው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፤ «የውኃ ቦኖውን ወደ ሰፈራችን ያስገቡት ክቡር አቶ ክብሩ ናቸው። እኔም ማመልከቻውን በመጻፍ ረድቻቸዋለሁ።»

አቶ ክብሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «‹በመጻፍ› የሚለው ‹በመገልበጥ› ቢባል» አሉ።

«ይባል» አሉ አቶ ዘሚካኤል።

በዚያ ሳምንት ብሎጉ ተከፈተና ሁለቱ ጽሑፎች ባንድ ቀን ወጡ። አቶ ክብሩ የቦኖውን ጽሑፍ ሄራን ዘንድ በትልቅ ወረቀት አሳትመው ቦኖው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፍ ሁሉ ጀሪካኑ እስኪሞላ ያነበዋል። በነፃ የመለቀቃቸውን ታሪክ ግን የሚያነበው ጠፋ። ሄራን ሊንኩን ለቴሌግራም ግሩፖቹ ላከችላቸው፤ ሰዉ አውራ ጣቱን አሳይቶ አለፈ። ነፃ የወጣ ሰው ምኑ ያጓጓል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ዘሚካኤል ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣ ባጃጅ ተሳፈሩ። ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ካያቸው በኋላ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ የጽሕፈት መኪናው ሰውዬ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አቶ ዘሚካኤል «እኔ የቦኖው ሰውዬ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቦኖው ግን በራሳቸው እጅ ጽሑፍ የሌላ ሰው ሆኗል።

«ነኝ» አሉ። «እኔው ነኝ።»